ልጆቼን እያሳደግኩ ነው ወይስ እያሠራሁ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ረጅም ነው። የጻፈችልን ገጠር የምትኖር የ3 ልጆች እናት ናት። ስሜን አትጻፉት ብላለችና አንጽፈውም። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«የመጀመሪያዋ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 6፣ ትንሿ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ላም አለችን፣ በጎችና ዶሮዎች አሉን፣ ማሳም አለን። ባለቤቴ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። እኔ ከበረት ማጀት፣ ከማጀት በረት ነኝ። ማታ ስልኬን ስከፍት ከልጆቻቸው ጋር ቀለም የሚቀቡ፣ ምን የመሰለ መጫወቻ የሚሠሩ እናቶች አያለሁ። እኔ ከልጆቼ ጋር አንድ ሙሉ ሰዓት ቁጭ ብዬ አላውቅም። ጠዋት ጩኸት፣ ማታ ጩኸት። ላሟን ሳልብ ልጄ አጠገቤ ቆሞ ‹እማዬ፣ አውራ ዶሮው ሊነጋ መሆኑን በምን ያውቃል?› ይለኛል፣ ‹አሁን ዝም በል› እለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ‹እኔ ላምጣ› ብሎ የእንቁላሉን ቅርጫት ተሸክሞ ሲመጣ ጭቃው አዳለጠው። 11 እንቁላል! የጮህኩበትን ጩኸት ሳስበው እስካሁን ያሳፍረኛል። በረቱ ጀርባ ተደብቆ እስኪመሽ አልወጣም። አማቴ ‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፣ ምን አስያዘሽ?› አሉኝ። ባለቤቴ ‹እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው› ይላል። ትልቋ ከትምህርት ቤት ከመጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ትንሿን የያዘች ናት፣ እኔ ሥራ እስክጨርስ። መምህሯ ‹ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች› ብለው ላኩብኝ። ሌላም አለ። ከ2 ወር በፊት ልጄ የሚወዳት ግልገል ሞተችበት። ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ ባለቤቴ ቀበራት፣ እኛም ‹ሌላ ቦታ ሄደች› አልናቸው። ልጄ እስከ ዛሬ ማታ ማታ በሩ ሥር ሣር ያስቀምጥላታል። ጠዋት እኔ አነሳዋለሁ። ልጅነታቸውን እየሰረቅኳቸው ይሆን?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንቁላሉ ላይ ሳቅኩ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። በሁለተኛው ሣሩ ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀምጬ ትንሽ ተነፈስኩ። ከቀላሉ ልጀምርና ወደዚያ እንደርሳለን።

ቀለም የሚቀቡትን እናቶች ለጊዜው እንተዋቸው። ያየሽው የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ከ40 ሰከንዱ በፊት በዚያ ቤት ማን በማን ላይ እንደጮኸ አንቺም እኔም አላየንም። ደግሞ እነሱ ልጁ ጣቱ እንዲፍታታ፣ መቁጠር እንዲለምድ፣ ረጋ ማለት እንዲማር ብለው ገንዘብ ከፍለው የሚገዙትን ነገር ያንቺ ልጅ ዶሮ ቤት ገብቶ ያገኘዋል። ዶሮዋ ሥር እጁን ቀስ አድርጎ ያስገባል፣ እንዳትነክሰው ፊቷን ያያል፣ የሞቀውን ከቀዘቀዘው ይለያል፣ ይቆጥራል። አዎ፣ አንዳንዴ ደግሞ ይሰብራል።

«አንድ ሙሉ ሰዓት ቁጭ ብዬ አላውቅም» ያልሽውን ግን ልከራከርሽ ነው። ማን ቁጭ በዪ አለሽ? የ6 ዓመት ልጅ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ «እስቲ ውሎህን ንገረኝ» ብትይው «ደህና ነበር» ይልሽና ይሮጣል። አንቺ ስታልቢ ግን አጠገብሽ ቆሞ ያወራል። ለምን መሰለሽ? እጅሽ ሥራ ይዟል፣ ዓይንሽ እሱ ላይ አልተተከለም፣ ላሟ ትተነፍሳለች፣ ወተቱ ዕቃው ውስጥ ጭርር እያለ ይወርዳል፣ አካባቢው ሞቅ ያለ ነው። ልጅ አፉን የሚከፍተው እንደዚህ ያለ ቦታ ነው። ጠዋትና ማታ ትታለባለች፣ አንዱ 15 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን ግማሽ ሰዓት ሆነ ማለት ነው። የፈለግሽውን ጊዜ እጅሽ ላይ አድርገሽ ነው «ዝም በል» የምትዪው።

ባርባራ ሮጎፍ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። ጓቲማላ ውስጥ በአንድ የማያ ሕዝቦች ከተማ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ ለብዙ ዓመታት ስትከታተል ነው የኖረችው። ያየችው ነገር ላንቺ አዲስ አይሆንም። እዚያ ትንንሾቹ ከአዋቂዎች ሥራ አይባረሩም። ቆመው ያያሉ፣ ያያሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን እጃቸውን ያስገባሉ። ማንም ተቀምጦ ትምህርት አይሰጣቸውም። ልጅሽ «እኔ ላምጣ» ያለው ይኼን ነው። ሥራ አልታዘዘም፣ ሊገባበት ፈልጎ ነው።

አማትሽ የጠቀሱት ተረት እውነት ነው፣ አልክድም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ግን ተረቱ የሚያወራው ስለ እራቱ ነው። ሊጡ ምን ያህል እንደጎደለ ይነግርሻል፣ ልጁ ምን እንዳገኘ አይነግርሽም። በ6 ዓመቱ «ሂድልኝ፣ ታበላሽብኛለህ» እየተባለ ያደገን ልጅ ደግሞ በ12 ዓመቱ «ና አግዘኝ» ብትዪው ጆሮ የሚሰጥሽ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ሰነፍ ይባላል። ማን እንዳሰነፈው ማንም አይጠይቅም። (ለአማትሽ ይኼን አታንብቢላቸው። ወይም አንብቢላቸው፣ አንቺ ታውቂያለሽ።)

አሁን ወደ 11ዱ እንቁላል።

እኔም ያደግኩት በረት ውስጥ ነው። 8 ዓመት ገደማ ሆኖኝ የወተት ዕቃ ይዤ ስወጣ ደፉ ላይ ተደናቀፍኩ። የማታውን ወተት በሙሉ መሬት ጠጣው። እስከ ዛሬ ይታየኛል። ወተቱ ጭቃው ላይ ሲሄድ መጀመሪያ ነጭ ነበር፣ ከዚያ ቡኒ ሆነ፣ ከዚያ ውሻው መጣ። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ዱላ ጠበቅኩ። እሷ ወተቱን አየች፣ ውሻውን አየች፣ «እንግዲህ ዛሬ ቀኑ የውሻው ነው» አለችና ገባች። በነጋታው ዕቃውን ግማሽ ድረስ ብቻ ሞልታ ሰጠችኝ። ስለ ትናንቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ደፉን ስሻገር እግሬን እንዴት አድርጌ እንዳነሳሁ አትጠይቂኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች ብዬ ግን አልዋሽሽም። በሌላ ቀን ለባሰ ትንሽ ነገር የገረፈችኝም እሷው ናት። ሁለቱንም አስታውሳለሁ።

ስለዚህ መጮህሽ ልጁን አበላሸው ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። ደክሞሻል፣ 11 እንቁላል ደግሞ 11 እንቁላል ነው። የሚያስፈልገው ከጩኸቱ በኋላ ያለው ነገር ነው፣ እሱ ደግሞ አላለፈሽም። ዛሬም ይቻላል። «ያን ቀን ስለጮህኩብህ ይቅርታ። እንቁላሉ አናዶኝ ነው። አንተ ሆን ብለህ እንዳልጣልከው አውቃለሁ» በዪው። እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም እኮ ስትራመድ ብታይ» የምትል ጭራ አትቀጥዪበት፣ እሷ ጭራ ከገባች ይቅርታው ሁሉ ተግሣጽ ይሆናል።

ከዚያ ቅርጫቱን መልሰሽ ስጪው። ይኼ ከይቅርታው ይበልጣል። ከሰበረ ወዲህ ካልሰጠሽው «አይችልም ተባልኩ» ብሎ ነው የሚይዘው። 11 አትስጪው፣ 4 ስጪው። ሥሩ ሣር ወይም ጨርቅ አድርጊበት። ጭቃው ያለበትን መንገድ ትቶ የሚመጣበትን ደረቅ መንገድ አብራችሁ ምረጡ፣ እሱ ይምራሽ። በእውነቱ ያን ቀን ያጠፋው ሸክሙ ነው፣ ልጁ አይደለም። ለ6 ዓመት ልጅ የሞላ ቅርጫት፣ ያውም በጭቃ፣ ለእኔም ከባድ ነው።

እሱን ካነሳን አይቀር፣ መታቀፍ የጀመረች ዶሮ ካለችሽ ልጁን የቆጠራ ኃላፊ አድርጊው። ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለች። ግድግዳው ላይ በከሰል በየቀኑ አንድ መስመር ያስምር። በ7ኛው ቀን ገደማ ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ አንድ እንቁላል ቀስ ብላችሁ አውጡና የስልክሽን መብራት ከወፍራሙ ጫፍ በኩል አስጠጊበት። ጫጩት የያዘ ከሆነ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ ደም ሥሮች ታያላችሁ፣ መሃላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ። ቶሎ መልሳችሁ ሥሯ አስገቡት፣ እንዳይቀዘቅዝ። በዚያች ምሽት ልጅሽ ፊት ላይ የምታዪውን ነገር ቪዲዮ አንሺውና ለነዚያ ቀለም ለሚቀቡት ላኪላቸው። ቀልዴን ነው። ደግሞ አይደለም።

አሁን ስለ ትልቋ። እዚህ ላይ ካንቺም ከባለቤትሽም ጋር አልስማማም።

እስካሁን ያወራሁት አብሮ ስለ መሥራት ነው። የ9 ዓመቷ ልጅሽ ግን አብራሽ እየሠራች አይደለም፣ ሥራ ተረክባለች። ልዩነቱ ሰፊ ነው። እንቁላል ቢሰበር እንቁላል ነው። ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ሕፃን ግን በቤቱ ካለው ሥራ ሁሉ የከበደችው ናት፣ ደቂቃ አትለቅም፣ ሁሉን ትይዛለች፣ ሁሉን አፏ ውስጥ ትከታለች። አንቺ ላም ማለብን ከእሷ ጋር ብታወዳድሪ የቱን እንደምትመርጪ እናውቃለን። ልጅሽ ያን ነገር በየቀኑ ከትምህርት መልስ፣ እግሯን እንኳ ሳትዘረጋ፣ ትረከባለች።

መሥራቷ በራሱ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት ራሱ ልጅ ቤት ውስጥ ወላጆቹን ቢያግዝ፣ ጤናውንና ትምህርቱን እስካልነካ ድረስ፣ የልጅ ጉልበት ብዝበዛ አይለውም። ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ግን ትምህርትን መንካት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የምትነሳ ከሆነ ማታ 3 ሰዓት ሳይሆን እንቅልፍ ይዟት መሄድ አለበት፣ እሱም ከትንሹ ቆጥረን ነው። የአንድ ሳምንት መተኛ ሰዓቷን መዝግቢው። እኔ ሳላየው የምገምተው ነገር አለ፣ አንቺ ግን ወረቀት ላይ ስታዪው ይሻላል። ባለቤትሽም «ልጅቷ ደክሟታል» ከምትዪው ይልቅ ወረቀቱን ቢያይ ይሰማሻል።

«እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው» ላለው መልስ አለኝ፣ ግን ጥያቄ አድርገሽ ብታቀርቢው ይሻላል። ልጆቹ ሲተኙ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ጫማውን ሲያወልቅ ጠይቂው። «ልጅ ሳለህ ከሥራ ሁሉ የምትወደው የቱ ነበር? የምትጠላውስ?» በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። እኔ ይኼን ጥያቄ ብዙ አባቶችን ጠይቄያለሁ። የሚወዱትን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ናቸው፣ ከአባታቸው ኋላ እየሄዱ፣ ከአያታቸው ጋር በጎች እያገቡ። የሚጠሉትን ሲነግሩኝ ብቻቸውን ናቸው። ባልሽ ምን እንደሚል አላውቅም። ግን ያንኑ ቢል አይገርመኝም።

እንዲህ ብትሞክሪ እላለሁ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የእሷ ይሁን። ትብላ፣ ትጋደም፣ ከፈለገች ጣሪያ ትይ። ማንም ምንም አይዘዛት። መጫወትና ማረፍ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 31 ላይ የተጻፈ መብት ነው፣ እኔ የፈጠርኩት ቅብጠት አይደለም። ከዚያ በኋላ ትንሿን ብትይዝ አንቺ ድምፅ በምትሰሚበት ርቀት ላይ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ማብቂያው የታወቀ ይሁን። «ማለቡ እስኪያልቅ» የሚል ነገር ልጅን ያጽናናል፣ «ሥራ እስክጨርስ» የሚለው ግን መቼም አያልቅም። አማትሽ ቅርብ ከሆኑና ጉልበታቸው ከፈቀደ ደግሞ ተረቱን ለጊዜው አቆይተው ሕፃኗን ይያዙልን። ባለቤትሽ ማታ ሲገባ አንድ 20 ደቂቃ ሕፃኗን ይቀበል። ደክሞታል፣ አውቃለሁ። የ9 ዓመቷም ደክሟታል።

ሕፃኗን ካነሳን፣ ጥቂት ነገር ላይ ክርክር የለኝም፣ ቶሎ ልበላቸው። ቤት ውስጥ ውኃ ያለበት ባልዲ ክፍት አይቀመጥ። የሷ ዕድሜ ልጅ 5 ሳንቲ ሜትር በምትሆን ውኃ ውስጥ እንኳ ሊሰምጥ ይችላል፣ ሲሰምጥ ደግሞ አይጮህም፣ ለዚህም ነው የ9 ዓመት ጠባቂ የማይበቃው። የማሳ ፀረ ተባይ መድኃኒት በምንም ተአምር በውኃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይገለበጥ፣ ከነዕቃው ከፍ ያለና የሚቆለፍ ቦታ ይግባ። ወተት ሳይፈላ አይሰጣቸው። ውሻ፣ የራሳችሁም ቢሆን፣ ከነከሳቸው ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ «ትንሽ ናት» ብላችሁ አታሳድሩት። ከበረት ሲወጡ እጅ በሳሙና። ይኸው ነው።

ስለ ጭቃው ራሱ ግን ብዙ አትጨነቂ። እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት በዘር የሚቀራረቡ ሁለት የገበሬ ማኅበረሰቦችን አወዳድሮ ነበር። አንዱ በድሮው መንገድ የሚያርስ፣ ከብቱም ከቤቱ የማይርቅ ነው፣ ሌላው ሥራውን በትልልቅ ማሽን የሚሠራ፣ ልጆቹም ከከብቱ የራቁ። አስም ከመጀመሪያዎቹ ልጆች 5 በመቶ ገደማ ላይ፣ ከሁለተኛዎቹ 21 በመቶ ገደማ ላይ ነው የታየው። ተመራማሪዎቹ የበረቱ አቧራና በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነገሮች የልጆቹን የመከላከያ አቅም ሳያሠለጥኑት አልቀሩም አሉ። ይኼ እጅ መታጠብን አያስቀርም። ቀሚሷን ባጨቀየች ቁጥር ግን ልብሽ ቀጥ አይበል።

አሁን ሣሩ።

ዋሽታችሁታል። ክፋት አልነበረበትም፣ ሊከፋው ነው ብላችሁ ነው፣ ብዙ ወላጅ ያደርገዋል። ግን የሆነውን ተመልከቺ። «ሌላ ቦታ ሄደች» ስትሉት እሱ የሰማው «ትመለሳለች» የሚለውን ነው። የሄደ ይመለሳላ። ስለዚህ ስትመጣ እንዳይርባት ሣር ያስቀምጣል። ጠዋት ሲያይ ደግሞ ሣሩ የለም፣ አንቺ አንስተሽዋል። ይኼን አስበሽው ታውቂያለሽ? ከእሱ በኩል ስታዪው ሌሊት መጥታ በልታ ሄዳለች። ሁለት ወር ሙሉ።

ስለዚህ ይነገረው፣ የምትነግሩት ቃልም «ሞተች» የሚለው ይሁን። «ተኛች»፣ «ሄደች»፣ «አረፈች» አትበሉት። ተኛች ካላችሁት ማታ መተኛት ሊፈራ ይችላል፣ ሄደች ካላችሁት እንደገና ይጠብቃል። ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች የሞተ እንደማይመለስ፣ አካሉም ሥራ እንዳቆመ መረዳት ይጀምራሉ፣ በተለይ ቃሉ በቀጥታ ከተነገራቸው። የገጠር ልጅ ደግሞ ከብዙዎቹ ቀድሞ ነው የሚያውቀው። ሞትን አይቷል፣ ዶሮም ጥንቸልም ሲሞት ያያል። እሱ የማያውቀው የራሱ ግልገል እንደሞተች ነው።

ማን ይንገረው ካልሽኝ አባቱ። የቀበራት እሱ ነው፣ ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው። ሥራ የሌለበትን አንድ አመሻሽ ይምረጥ፣ እጁን ይያዘውና ይውሰደው። «ግልገሏ ታማ ነበር፣ ሞተች፣ እዚህ ነው የቀበርኳት፣ እንዳትከፋ ብለን ሳንነግርህ ቀረን፣ መንገር ነበረብን» ይበለው። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ከዚያ ዝም ብሎ ይቁም። ልጁ ያለቅስ ይሆናል። ወይ አያለቅስም፣ ድንጋይ ያነሳና ስለ ሌላ ነገር ያወራል፣ ለዚያም አትደንግጡ፣ ልጅ ሐዘኑን እየቆረሰ ነው የሚበላው፣ ማክሰኞ ትንሽ፣ ዓርብ ትንሽ። ጥያቄ ይመጣል። «ይበርዳታል?» ሊላችሁ ይችላል። አይበርዳትም፣ የሞተ አይበርደውም፣ አያመውም፣ አይርበውም። «አንቺስ ትሞቺያለሽ?» ካለሽ ደግሞ አትሽሺ። «ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፣ እኔ ግን ገና ብዙ ዘመን አብሬህ እኖራለሁ ብዬ አስባለሁ» በዪው፣ አቀፍ አድርጊው።

ትልቋም አብራ ትሂድ። ከሁለት ወር በፊት የገባት ይመስለኛል፣ ዝም ብላ ለወንድሟ ስትል የተሸከመችው ነው። ያንንም እንጨምርላት? አይሆንም።

ሣሩን አትከልክዪው። ከፈለገ መቃብሯ ላይ ያስቀምጥ፣ ከፈለገ በሩ ሥር። ጠዋት ግን አታንሺው።

ሌላ ግልገል ሲወለድ ደግሞ ልጆቹን ቀስቅሻቸው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በነጋታው ትምህርት ከሌለ። ግልገሏ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንገሯን መጥባት አለባት፣ ከበሽታ የሚከላከላትን ነገር የምታገኘው ከእሱ ነው፣ ሰዓቱ ካለፈ አንጀቷ እንደ መጀመሪያው አይቀበለውም። እግሯ እየተንቀጠቀጠ ጡቱን ስታጣው፣ አፏን ወደ ጡቱ የሚያቀርብላት ትንሽ እጅ ያስፈልጋል። የ6 ዓመት እጅ ልኩ ነው።

የአውራ ዶሮውን ጥያቄ ልረሳው ነበር። ሊነጋ መሆኑን በምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2013 ጃፓን፣ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት ብርሃኑ የማይለወጥ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ አስገብተው አዩዋቸው። ፀሐይ ሳያዩም ሊነጋ ሲል ጮኹ። ሰውነታቸው ውስጥ ሰዓት አለ ማለት ነው። ከ2 ዓመት በኋላ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ሌላ ነገር አገኙ፦ አውራ ዶሮዎች አንድ ላይ ሲኖሩ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃቸው ነው፣ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። አለቃውን ሲያወጡት ሁለተኛው ቀድሞ መጮህ ጀመረ።

ነገ ጠዋት ስታልቢ ንገሪው። ከዚያ የናንተ ግቢ አለቃ የቱ እንደሆነ ሄዶ ያጣራ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ጻፊልኝ።